ሶላር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ቤታችሁ የትኛውን ድክመት ይችላል?

ሥራዬ ቤቶች ላይ ሶላር መግጠም ነው። ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ የምነሳው ከሌላ ጫፍ ነው። ጣጣ የሌለው የሶላር ዓይነት የለም። ስለዚህ ቤታችሁ የትኛውን ጣጣ እንደሚችል እንይ። ጥሩ ጎኑን ሻጩ ይነግራችኋል፤ ድክመቱን ግን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ማግኘት አለባችሁ።

መጀመሪያ ኃይሉን ለምን እንደምትፈልጉትና በየትኛው ሰዓት እንደምትጠቀሙበት ወረቀት ላይ ጻፉ። ለመብራት፣ ለፍሪጅ፣ ለኮምፒውተር ከሆነ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋችኋል። ለገላ መታጠቢያ ከሆነ ግን የምትፈልጉት ሙቀት ነው። ይህን አለመለየት ብዙ ጣሪያ ያስባክናል።

በቁጥር እንየው። 200 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 9.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል እንበል። የሶላር ውሃ ማሞቂያ ከዚህ ግማሹን ወደ ውሃው ካስገባ 4 ካሬ ሜትር አካባቢ ይበቃዋል። ያንኑ ውሃ 20 በመቶ በሚሠራ ፓነልና በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብታሞቁት፣ በመንገድ የሚባክነው ሲታሰብ ወደ 12 ካሬ ሜትር ትደርሳላችሁ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ጣሪያው ትንሽ ለሆነ ሰው ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ለሙቅ ውሃ የሶላር ውሃ ማሞቂያን ለምን አይመርጥም? አንደኛ፣ ከሙቅ ውሃ ሌላ የሚሰጠው ነገር የለም። የተረፈውን ሙቀት ወደ አምፖል ማዞር አይቻልም። ሁለተኛ፣ ከባድ ነው። 200 ሊትር ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው፤ ታንከሩና መስታወቱ ሲጨመሩ 300 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ያለ ፓምፕ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ታንከሩ ከማሞቂያው ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ያ ሁሉ ክብደት ጣሪያ ላይ ነው የሚያርፈው። የጣሪያውን ማገር ሳታስፈትሹ እሺ አትበሉ።

ውሃችሁንም እዩ። ውሃ የምታፈሉበት ጀበና ወይም ማሰሮ ውስጡ ነጭ ነገር የሚጋገርበት ከሆነ፣ የማሞቂያው ቧንቧ ውስጥም ያው ይጋገራል። ቀስ በቀስ ቧንቧው ይጠባል፣ ውሃውም በደንብ መሞቁን ያቆማል። እንዲህ ዓይነት ውሃ ካላችሁ የማጽጃ ወጪውን ከአሁኑ ያዙ።

የቫኪዩም ቱቦ (አየሩ የወጣለት ድርብ የመስታወት ቱቦ) ያለው የውሃ ማሞቂያ ሙቀት ስለማያስመልጥ ለብርድ ቦታ ጥሩ ነው። ጣጣውም የሚመጣው ከዚያው ነው። ቤቱን ዘግታችሁ ስትሄዱና ውሃው መንቀሳቀስ ሲያቆም፣ ቱቦው ከ200 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ጠፍጣፋው ማሞቂያ ያን ያህል አይግልም። ውርጭ ባለበት ግን ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቶ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። እዚያ የምትኖሩ የማይረጋ ፈሳሽ የሚዞርበትን ጠይቁ።

ወደ ኤሌክትሪክ ፓነል ስንመጣ የመጀመሪያው ጠላት ጥላ ነው። ብዙ ሰው ትንሽ ጥላ ትንሽ ኃይል የሚቀንስ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ባለ 60 ሴል ፓነል ውስጥ ሴሎቹ (ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት ቁራጮች) በሦስት ቡድን ተያይዘዋል፤ እያንዳንዱ ቡድን ዳዮድ አለው፤ ቡድኑ ሲሸፈን ኃይሉ እሱን ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ትንሽ መሣሪያ ነው። አንድ ሴል በደንብ ከተሸፈነ ዳዮዱ 20ዎቹን ሴሎች በሙሉ ያልፋቸዋል። አንድ የደረቀ ቅጠል የፓነሉን ሲሶ ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ ጠመኔ ይዛችሁ ጣሪያ ላይ ውጡ። ተንሸራታች ከሆነ ገመድ ሳታስሩ አትሞክሩት። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይና ከሰዓት 9 ሰዓት የጥላውን ጠርዝ አስምሩ። ምሰሶ፣ የዲሽ ሳህን፣ የጎረቤት ፎቅ፣ ዛፍ አይቅራችሁ። ፀሐይ በየወቅቱ መንገዷን ስለምትቀይር ከጥቂት ወራት በኋላ ድገሙት። ጥላ የማታመልጡ ከሆነ ለእያንዳንዱ ፓነል የየራሱ ትንሽ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ቤት ውስጥ ወደምንጠቀምበት ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) ይሻላችኋል። ይወደዳል፣ ሲበላሽም ጣሪያ መውጣት ግድ ነው። ግን አንዱ ፓነል ሲደክም ሌሎቹን ይዞ አይወርድም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አዎ፣ ፀሐይ የሚፈልገው ፓነል ሙቀት አይወድም። ፓነሉ ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። ጣሪያ ላይ 65 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። መግለጫ ወረቀቱ ላይ በየዲግሪው 0.35 በመቶ ይቀንሳል የሚል ከሆነ 14 በመቶ ሄደ ማለት ነው። 400 ዋት ያላችሁት 344 ሆነ። ከፓነሉ ሥር ቢያንስ የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይተውላችሁ፤ አየር ይዙር።

ጣሪያውን ወይም ግድግዳውን ራሱን ሶላር የሚያደርጉት ዓይነቶች ውበታቸው ደስ ይላል። ግን ከኋላቸው አየር ካልተተወላቸው ይግላሉ፤ አንዱ ሲበላሽም የምትነኩት የቤቱን ክዳን ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ሰዓት ብዙም አያገኝም። እኔ ብሆን ለአዲስ ሕንፃ ካልሆነ አልመክረውም።

ስስና የሚታጠፉ ፓነሎች ክብደት ለማይችል ጣሪያ ይጠቅማሉ። ብዙዎቹ ለዚያው ኃይል ሰፊ ቦታ ይጠይቃሉ። በማጣበቂያ ጣሪያ ላይ ሲለጠፉ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ዕድሜያቸውም ከመስታወቶቹ ያጥራል። ፀሐይን በሚያንጸባርቅ መስታወት አንድ ቦታ ላይ የሚሰበስቡትን ደግሞ ለመኖሪያ ቤት አታስቧቸው። ደመና ሲሆን ሥራ ያቆማሉ።

አንድ ነገር በደንብ ልብ በሉ። ባትሪ የሌለውና ከመንግሥት መስመር ጋር የተያያዘ ሲስተም መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ ፀሐይ ብትኖርም። መስመር የሚጠግኑት ሠራተኞች በኤሌክትሪክ እንዳይያዙ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መብራት ሲጠፋ እንዲሠራላችሁ ከፈለጋችሁ ባትሪና ለዚያ የተሠራ ኢንቨርተር አብዛኛውን ጊዜ የግድ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከገዛችሁ ዕድሜው እንዲቆይ ከግማሽ በታች አታውርዱት፤ 10 ኪሎዋት ሰዓት የገዛችሁት 5 ሆኖ ይቆጠር። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ከዚያ በጣም ይሻላል፤ መነሻ ወጪው ግን ከፍ ይላል።

ፓነል 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊሠራ ይችላል፤ በዓመት ግማሽ በመቶ ገደማ እየደከመ። ኢንቨርተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው። ቢያንስ አንድ ጊዜ መቀየሩን ከሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ። ውል ስትፈርሙም ጣሪያው ቢያፈስ ማን እንደሚጠግነው፣ ፓነሉን ማን በምን ያህል ጊዜ እንደሚያጥበው በጽሑፍ ይቀመጥላችሁ።