ፋይሉ ተጭኗል፣ ገጹ ግን ያው ነው

ደሴ ፒያሳ ተቀምጬ ኮምቦልቻ ላሉ ነጋዴዎች ድረ ገጽ እሠራለሁ። ገጾቹ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ያለው ባሕር ማዶ ነው። «ወንድሜ፣ ዋጋው እኮ አሁንም የድሮው ነው!» የሚል ስልክ ሲደወል የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ የምነካው ነገር የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ የምጀምረው ፋይሉ የት እንደቀረ በመለየት ነው። እኔው ጋ፣ ሰርቨሩ ላይ ወይስ ደንበኛው ብራውዘር ውስጥ?

ጭኛለሁ፣ ለውጡ ግን አይታይም

ገጹን ከዚህ በፊት ባልከፈተው ስልክ ክፈቱት። አዲሱ ከመጣ ጣጣው የብራውዘሩ ካሽ፣ ማለትም ብራውዘሩ ያስቀመጠው የድሮ ቅጂ ነው። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልን ይዞ ኤፍ 5 መጫን ይበቃል። እዚያም አሮጌው ከታየ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፋይል መጠንና ሰዓት እዩ። ብዙ ጊዜ ፋይሉ የተጫነው ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል የሚባለው ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ ነው። ጎብኚ የሚያየው ደግሞ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

ሰዓቱ እንዳያሳስታችሁ። ብዙ ሰርቨር የሚቆጥረው በግሪንዊች ነው፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የጫናችሁት 7፡00 ተብሎ ይመዘገባል። በእኛ አቆጣጠር ያነበበው ሰው ገና ያልደረሰ ሰዓት ያየ ይመስለዋል።

ይገናኛል፣ የፎልደሩ ዝርዝር ግን አይመጣም

ፋይል ወደ ሰርቨር የምንጭንበት ኤፍቲፒ የሚሠራው በሁለት መስመር ነው። ትዕዛዙ ፖርት 21 በሚባለው በር ይሄዳል፣ ዝርዝሩና ፋይሉ በሌላ መስመር ያልፋል። «አክቲቭ» በሚባለው አሠራር ሁለተኛውን መስመር ወደ እናንተ የሚከፍተው ሰርቨሩ ነው። ራውተራችሁ ደግሞ አያስገባውም። ወደ «ፓሲቭ» ቀይሩት። ኤስኤፍቲፒ የሚባለው ሌላ የመጫኛ መንገድ ካለ ግን ከነጭራሹ እሱን ተጠቀሙ። በፖርት 22 ብቻ ይሠራል፣ ፓስወርዱንም አመስጥሮ ይልካል። 530 የሚል ቁጥር ከመጣ ስሙ ወይም ፓስወርዱ ተሳስቷል። ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ አድራሻችሁን የሚዘጋ ሰርቨር ብዙ ነው።

ገጹ ግማሽ፣ ፎቶውም ግማሽ

እኔን በጣም የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው። ፋይል እየተጫነ መብራት ይጠፋል ወይም ኔትወርክ ይቆረጣል። ሰርቨሩ ላይ የሚቀረው ቁራጭ ነው፣ ስሙ ግን ያው ነው። እንደገና ስትገናኙ ፕሮግራሙ «ፋይሉ አለ» ብሎ ካለፈው ቁራጩ እዚያው ተቀመጠ ማለት ነው። ስለዚህ ስሙን አትመኑ፣ መጠኑን በባይት አወዳድሩ። ፋይልዚላ የሚባለውን የመጫኛ ፕሮግራም መጠኑ ከተለያየ እንዲተካ ማዘዝ ይቻላል። ካቆመበት መቀጠልም ይቻላል። ግን በመሃል ፋይሉን ካረማችሁት እንዳትቀጥሉ! ላዩ አሮጌ፣ ታቹ አዲስ የሆነ ፋይል ይወጣል። ምክንያቱን ስትፈልጉ ቀኑ ይመሻል።

እኔ ፎቶዎቹን አስቀድሜ የፊት ገጹን መጨረሻ ላይ እጭናለሁ። እሱንም በሌላ ስም አስገብቼ፣ ሙሉ መሆኑን አይቼ ስሙን እቀይራለሁ። በመሃል መብራት ቢጠፋ ጎብኚው የሚያየው ያልተነካውን አሮጌ ገጽ ነው። አርሲንክ የሚባለው ፕሮግራም ይሄንን በራሱ ያደርጋል፤ በጊዜያዊ ስም ጽፎ ሲጨርስ ነው የሚተካው።

ፎቶው እናንተ ጋ እየታየ ሰርቨሩ ላይ ከጠፋ የፋይሉን ስም ፊደል በፊደል እዩ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ አድርጎ ያያል፣ ብዙ ሰርቨር የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ይለያል። ሁሉንም በትንሹ ጻፉ። «403» (መግባት ተከልክሏል) ካለ ፈቃዱን፣ ማለትም ማን ማንበብና መጻፍ እንደሚችል የሚወስነውን ቁጥር አስተካክሉ፤ ለፋይል 644፣ ለፎልደር 755። 777 አድርጎ ለሁሉም መክፈት ግን ቤትን ሳይቆልፉ መውጣት ነው።

አማርኛው ተበላሸ

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለዩ። የማይነበብ የላቲን ፊደል ከሆነ ጽሑፉ አለ። ገጹ በዩቲኤፍ 8 (የአማርኛን ፊደል በሚይዘው አጻጻፍ) መሆኑን ስላልተናገረ ነው፤ አናቱ ላይ ጻፉለት። ፋይሉ ራሱ ውስጥ በፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ግን ሲቀመጥ ጠፍቷል። ከቀድሞው ቅጂ በቀር መመለሻ የለውም።

አመሳስዬ ፋይሎች ጠፉ

ይሄ ደርሶብኛል። የአንድ ደንበኛን ገጽ እኔ ከደሴ፣ ባልደረባዬ ከኮምቦልቻ ሆነን እናርም ነበር። ማታ አዳዲስ ፎቶዎች ጫነች። ጠዋት እኔ ፕሮግራሙን «አመሳስል»፣ ማለትም ሰርቨሩን እኔ ጋ ካለው ጋር አንድ አድርግ አልኩት። ፎቶዎቹ እኔ ጋ ስላልነበሩ ፕሮግራሙ እንደ ትርፍ ቆጥሮ ከሰርቨሩ አጠፋቸው። እሷ ስልክ ላይ ስለነበሩ ተረፍን። ያን ቀን የደነገጥኩትን አልረሳም።

ጥፋቱ አቅጣጫው ላይ ነው። ማጥፋት የሚለው አማራጭ ከበራ፣ መነሻው ላይ የሌለ ሁሉ መድረሻው ላይ ይጠፋል። አማራጩን ዝጉት። ግድ ከሆነ መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ወደ እናንተ አውርዱ። ከዚያ የሙከራ ሩጫ አድርጉ፤ ምንም ሳይነካ ምን ምን እንደሚያጠፋ ይዘረዝርላችኋል። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ደንበኞች ራሳቸው ፎቶ የሚጭኑበትን ፎልደር ደግሞ ከማመሳሰሉ ውጭ አድርጉት። ከጠፋ በኋላ ከሆነ የነቃችሁት፣ ሰርቨሩን የሚያከራየውን ሆስቲንግ ሳትውሉ ሳታድሩ ቅጂ ጠይቁ። የሚያስቀምጡትም ቢሆን ከቀናት በኋላ በአዲስ ይተኩታል፣ አዲሱ ላይ ደግሞ ፎቶዎቻችሁ የሉም።