የጭነት መኪና የጎማ ብሎን ሲሰበር ምን ይደረጋል

አሥር ብሎን ካለው የኋላ ጎማ አንዱ ሲሰበር «ዘጠኙ ይበቃዋል» ብሎ መንገዱን የሚቀጥል ሾፌር ብዙ ነው። አይበቃውም። የተሰበረው ብሎን ይዞት የነበረው ጫና ለዘጠኙ እኩል አይከፋፈልም፤ አብዛኛው የሚያርፈው በግራና በቀኙ ባሉት ሁለቱ ላይ ነው። እነሱ ደግሞ ጎረቤታቸው መሰንጠቅ ከጀመረ ወዲህ ከአቅማቸው በላይ ሲሳቡ ስለቆዩ፣ ለዓይን ደህና ቢመስሉም ብረታቸው ደክሟል። ስለዚህ አንድ ከተሰበረ ሦስት ይቀየራል፣ እሱና ሁለቱ ጎረቤቶቹ። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከተሰበረ የዚያ ጎማ ብሎኖች በሙሉ ከነዳዷቸው (ብሎኑ ላይ ከሚጠብቀው ፍሬ ጋር) ይቀየራሉ።

መንገድ ላይ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። በባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ከሐሙሲት እስከ ወረታ ያለው የፎገራ ሜዳ ዋልካ (ጥቁር ጭቃ አፈር) ነው፤ በክረምት ከአስፋልቱ ዳር ክሪክ (መኪና ማንሻ) ካስገባችሁ መኪናው ሳይነሳ ክሪኩ ይሰምጣል። ከሥሩ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ ጣውላ አድርጉ፣ በሌላው ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ አስገቡ። ከጉማራ ወይም ከርብ ወንዝ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ከሆነ ጭነቱን ሳታራግፉ አትነካኩት። ባለ አሥር ብሎን መኪና አንድ ብቻ ተሰብሮበት ሌሎቹ ጥብቅ ከሆኑ፣ ባዶውን በዝግታ እስከ ቅርቡ ጋራዥ ቢሄድ ይቻል ይሆናል። ባለ ስድስት ብሎን መኪና፣ እንደ ኢሱዙ ኤን ፒ አር ያለው፣ ግን ከቆመበት ባይንቀሳቀስ ይሻላል፤ ከስድስት አንድ ማጣት ቀላል አይደለም።

ስብራቱን ሳታዩ ቁራጩን አትጣሉ። ጫፉን በቤንዚን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ያዙት። ገሚሱ ለስላሳና ጠቆር ያለ፣ የቅስት መስመሮች ያሉበት፣ ቀሪው ደግሞ ሻካራና አመድማ ከሆነ ብሎኑ የተሰበረው ቀስ በቀስ ነው፤ ዳዶው ላልቶ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ሲወዛወዝ እያጠፈው ቆይቷል። ጥርሱ (ዳዶው የሚዞርበት ጠመዝማዛ) ተለጥጦ ከቀጠነ ግን ምክንያቱ ከልክ በላይ መጥበቅ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ዳዶዎቹ ለምን እንደላሉ ፈልጉ፦ በቸርኬና በሞዞ (ብሎኖቹ የተተከሉበት፣ ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ብረት) መካከል የተቀባ ቀለም፣ ጭቃ፣ ዝገት፣ ወይም ሞላላ የሆነ የቸርኬ ቀዳዳ። ቀዳዳው ሞላላ የሆነ ወይም በዙሪያው የተሰነጠቀ ቸርኬ አይበየድም፣ ይጣላል። ይህን ሳያዩ አዲስ ብሎን መግጠም ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው መመለስ ነው።

ጎማውን ከማውለቃችሁ በፊት ንፋሱን አስተንፍሱ። በተለይ ባለ ቀለበት ቸርኬ (ጎማውን የሚይዝ ተነቃይ የብረት ቀለበት ያለው) ከሆነና ጎማው ድርብ ከሆነ የሁለቱንም ንፋስ ሙሉ በሙሉ አውጡ፤ የተጎዳ ቸርኬ ዳዶው ሲፈታ ቀለበቱን ሊያስፈነጥር ይችላል። ጥርሱ ተበልቶ ብሎኑ ከዳዶው ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነ ዳዶውን በግራይንደር ወይም በመሮ ሰንጥቁት። በብየዳ እሳት ማጋል አቋራጭ ይመስላል፤ ንፋስ ያለው ጎማ አጠገብ ከተደረገ ግን ጎማው ከውስጥ ጋዝ ፈጥሮ ሊፈነዳ ይችላል፣ የሞዞውንም ብረት ያበላሻል።

ቀጣዩ ሥራ በታምቡሩ (የፍሬን ሸራው ውስጡን በሚይዘው ክብ ብረት) አገጣጠም ይወሰናል። ታምቡሩ ከሞዞው በውጭ በኩል የተቀመጠ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ ሬጅስትሮው (የፍሬን ማስተካከያው) ላልቶ ይወጣል፤ ተጣብቆ እምቢ ካለ ታምቡሩ ላይ ባሉት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች ሁለት ብሎን አስገብታችሁ እኩል እያዞራችሁ ግፉት። ታምቡሩ ከሞዞው በስተጀርባ ከሆነ ግን አክሰሉ ወጥቶ፣ የኩሽኔታው (ሞዞው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ዳዶ ተፈትቶ ሞዞው በሙሉ መውረድ አለበት። ያን ጊዜ አዲስ የዘይት ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያግድ ላስቲክ) አዘጋጁ፣ አሮጌው ሲመለስ ያፈስሳል። ዘይት ደግሞ የፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ሌላ ጣጣ ነው።

የተሰበረውን ማውጣት በፕሬስ ቢሆን ጥሩ ነው። ፕሬስ ከሌለ ሞዞውን ከጀርባው በወፍራም ቱቦ ደግፋችሁ በከባድ መዶሻ በቀጥታ ምቱ። ሞዞው አክሰሉ ላይ እንዳለ መደብደብ ምቱን ኩሽኔታው ላይ ያሳርፈዋል፤ ብሎን ለመቀየር ገብቶ በሳምንቱ ለኩሽኔታ የሚመለስ መኪና ብዙውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው።

መለዋወጫ ስትገዙ የተሰበረውን ብቻ ሳይሆን ሙሉ የሆነውን ጎረቤቱን ይዛችሁ ሂዱ። አምስት ነገር ይመሳከራል፦ ውፍረቱ፣ የጥርሱ ርቀት፣ አጠቃላይ ርዝመቱ፣ ሞዞው ውስጥ የሚቀረቀረው አንገት ውፍረት፣ የብሎኑ ራስ ቅርጽ። በሲኖትራክ የተለመደው 22 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ነው። ራሱ ላይ 10.9 የሚል ጥንካሬ ቁጥር መኖሩን እዩ። አንዳንድ የጃፓን መኪኖች በግራ በኩል ያለው ጎማቸው የግራ ጥርስ ነው፤ ጫፉ ላይ ኤል ፊደል ታገኛላችሁ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል። ይህን ሳያውቁ ቱቦ አስገብተው «እምቢ አለ» እያሉ በማጥበቅ የሚሰብሩት ረዳቶች አሉ። ከተራ ብረት በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) የተቀረጸ ብሎን ወይም በተሰበረው ላይ የተበየደ ቁራጭ አትቀበሉ፤ የጎማ ብሎን በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፣ ብየዳ ከነካው ከብየዳው አጠገብ እንደ መስታወት ይሰባበራል።

አዲሱን በፕሬስ ስታስገቡ አንገቱ ላይ ያሉትን ጥርሶች ከአሮጌው ቦይ ጋር አገጣጥሙ። የብሎኑ ራስ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ጠፍጣፋው በቦታው ይግባ። ራሱና ሞዞው መካከል ወረቀት ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ገና አልተቀመጠም፣ መኪናው ሲሄድ ይቀመጥና ዳዶው ይላላል።

ሞዞውና ቸርኬው ተነካክተው የሚገጣጠሙበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ አጽዱ። ዳዶው ከራሱ ጋር የተያያዘ፣ ለብቻው የሚዞር ሮንዴላ (ጠፍጣፋ ቀለበት) ያለው ከሆነ በብሎኑ ጫፍ ጥርስ ላይ ሁለት ጠብታ፣ በዳዶውና በሮንዴላው መካከል አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃል። ሮንዴላው ቸርኬውን የሚነካበት ፊት ግን ደረቅ ይሁን። ግራሶ የሚለቀልቁ አሉ፤ ዳዶው ሳይታወቅ ከልክ በላይ ይጠብቃል።

አጠባበቁ በዙሪያ ሳይሆን በተቃራኒ ነው፣ አንዱን ከዚያም ትይዩውን። መጀመሪያ ሁሉንም በቀላሉ፣ 70 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ገደማ፤ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ እስከ መጨረሻው። ለ22 ሚሊ ባለ አሥር ብሎን ብዙውን ጊዜ ከ550 እስከ 650 ኒውተን ሜትር ነው፤ የመኪናችሁ መመሪያ የሚለው ይቀድማል። ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ከሌለ ሂሳቡ ይኸው፦ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አግድም በተያዘ 1 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሳይዘል ሙሉ ክብደቱን ቢያሳርፍ 590 ኒውተን ሜትር ያህል ይሰጣል። ሁለት ሰው ወጥቶበት ቢረግጠው ግን ብሎኑን ለሚቀጥለው ስብራት ማዘጋጀት ነው። ውስጥና ውጭ ዳዶ ያላቸው ድርብ ጎማዎች ላይ የውጪውን አላልታችሁ መጀመሪያ የውስጡን አጥብቁ፣ ግማሾቹን ዳዶዎች በአንድ ዙር፣ ቀሪዎቹን በሌላ ዙር።

ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይፈተሻሉ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ አዲስ ዘመን ሲደርስ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዳንግላ ላይ፤ ከከተማ ሳይወጣ አሸዋ የሚያመላልስ በማግስቱ ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ። የአባይን በረሃ ወርዶ በጋለ ታምቡር ላይ የሚደረግ ፍተሻ አሳሳች ነው፣ ይቀዝቅዝ። ከተጠበቀ በኋላ ከዳዶው እስከ ቸርኬው በነጭ ቀለም አንድ መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ከተሰበረ ወይም ከዳዶው ሥር የዝገት ወንዝ መውረድ ከጀመረ ያ ዳዶ ላልቷል፣ እዚያው ቆማችሁ መፍቻ አውጡ።