ትራማዶልና አራስ ልጅ፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

እዚህ ሰሜን ሸዋ ነፍሰ ጡር እናት ወገቧን ሲያማት ከፋርማሲ ትራማዶል ገዝታ መዋጧ እየተለመደ ነው። አዋላጅ ነኝና ነገሩ ያሳስበኛል።

ትልቁ ስህተት ትራማዶልን እንደ ፓራሲታሞል ማየት ነው። ወገኑ ከሞርፊንና ከኮዴን ጋር ነው፤ ኦፒዮይድ ይባላል፣ ሰውነት የሚለምደው የሕመም ማስታገሻ ማለት ነው። በእንግዴ ልጅ በኩል ፅንሱ ጋ ይደርሳል፤ እናት ካዘወተረችው ልጁም ይለምደዋል። ኦፒዮይድ ቫይረስ የሚከላከሉ የሰውነት ሴሎችን እንደሚያዳክም በላብራቶሪና በእንስሳት ጥናት ታይቷል። በዚያ ላይ ልጁ ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል። እናት በደሟ የምታካፍለው የበሽታ መከላከያ ደግሞ በብዛት የሚያልፈው በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። ቀድሞ የመጣ ልጅ ስንቁ ሳይሞላ ይመጣል።

ይህን ሰምቶ ክኒኑን በአንዴ መጣልም ስህተት ነው። ለመደችው እናት ድንገት ካቆመች ምጥ ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል። ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሳት።

ሌላው ስህተት መደበቅ ነው። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ነው ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ክኒን ፈትታ ያሳየችኝ። «እንዳትቆጭኝ ብዬ ነው፣ እህቴ» አለችኝ። እኔም ለክትትል ስትመጣ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም ነበር። አሁን ሁሉንም እጠይቃለሁ።

ልጇ በሁለተኛው ቀን ያስነጥስ፣ ይንቀጠቀጥ፣ በቀጭን ድምፅ ያለ ማቋረጥ ያለቅስ ጀመር። አያቱ «ብርድ መታው» ብለው ቅቤ ሊያልሱት ነበር። ብርድ አልነበረም፤ የለመደው መድኃኒት ስለቀረበት ነው። ተገላቢጦሹም ያስፈራል፦ «የክኒኑ ነው፣ ይለቀዋል» ተብሎ እውነተኛ የሳንባ ምች ይታለፋል። ስለዚህ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እዩ። ተረጋግቶ ሳለ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። 60 ከደረሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ጡት አልይዝ ካለ ወይም ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ከዚያ ጠያቂው አለ። የደብረ ብርሃንና የመንዝ ብርድ በር ያዘጋል፣ ከሰል ያስይዛል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለ ሁሉ ሕፃኑን ይስማል። አርኤስቪ የሚባለው የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ለጤነኛ ጎልማሳ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ጉንፋን ነው፤ ለእንዲህ ያለ አራስ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። የሚያስለው ሰው ከደጅ ይመለስ፤ ቅር ቢለውም ይመለስ።

እንገርን አትድፉት፣ መከላከያ የሞላበት ነው። ግን ትራማዶል ወይም ኮዴን እየዋጡ ዝም ብሎ ማጥባትም አይሆንም፤ በወተት አልፈው የልጁን ትንፋሽ ሊያደክሙ ይችላሉ። ሌላ ማስታገሻ ስላለ አዋላጇን አማክሩ። የመድኃኒቱ ስም ቢጠፋችሁ ክኒኑን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ።