ሪሞት ዴስክቶፕ ፉል ስክሪን ሲሆን የሚያስቸግርበት ምክንያት፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ሰኔ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሜክሲኮ አካባቢ ካለ አንድ የሂሳብ ቢሮ ተደወለልኝ። የደወሉት ቢሮው ውስጥ ሁሉም ሰው ጋሼ የሚላቸው የሂሳብ ኃላፊ ነበሩ። «ልጄ፣ ፒችትሪው ይከፈታል፤ ግን የድምሩ መስመር ከታች ተቆርጦብኛል፣ ብጎትተውም አይመጣልኝም» አሉኝ። ፒችትሪ የሂሳብ ፕሮግራም ነው፤ የተጫነበት ሰርቨር ያለው ሌላ ቅርንጫፍ ነው። እሳቸው የሚገቡት ሊኑክስ ከተጫነበት ላፕቶፕ በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም የሩቁን ኮምፒውተር ስክሪን ላፕቶፓቸው ላይ እያዩ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሥራው ተከምሯል፣ በቢሮው ያለው ሰው በሙሉ ደግሞ «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ቆርጧል።

ጥፋቱ ከኔትወርኩ አልነበረም። እዚህ ከተማ ውስጥ ሪሞት ዴስክቶፕ በተበላሸ ቁጥር መስመሩን መጠርጠር ልማድ ሆኗል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ፉል ስክሪን ላይ ብቻ የሚታይ ችግር ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከራሳችሁ ኮምፒውተር፣ በተለይ ለመስኮቶች ጥላና ግልጽነት ከሚሰጠው የዴስክቶፕ ኢፌክት ነው። ስለዚህ ራውተር አጥፍታችሁ ከማብራታችሁ በፊት ሁለት ሙከራ አድርጉ፤ ሁለቱም ተደምረው ከአንድ ደቂቃ አያልፉም።

መጀመሪያ ከፉል ስክሪን ውጡና ያንኑ ሥራ በመስኮት ሞክሩት። ሪሞት ዴስክቶፕ የምትገቡበት ፕሮግራም ሬሚና ከሆነ የቀኙን ኮንትሮል ይዛችሁ ኤፍን ተጫኑ። ፍሪአርዲፒ ወይም አርዴስክቶፕ ከሆነ ኮንትሮል፣ አልት እና ኢንተር ነው። የዊንዶውሱ ፕሮግራም ከሆነ ኮንትሮል፣ አልት እና ብሬክ ነው። ብዙ ላፕቶፕ ላይ የብሬክ ቁልፍ ስለሌለ ማውሱን ወደ ስክሪኑ አናት መሃል ውሰዱትና ብቅ ከሚለው አሞሌ ላይ መስኮት ማድረጊያውን ንኩ። በመስኮት ሲሆን ችግሩ ከጠፋ፣ ሰርቨሩንም መስመሩንም ለቀቅ አድርጓቸው።

ቀጥሎ ኢፌክቱን ለጊዜው አጥፉት። አጠፋፉ እንደ ሊኑክሱ ዴስክቶፕ ዓይነት ይለያያል። ኬዲኢ ላይ፣ ኤክስ 11 በሚባለው የቆየ የስክሪን ማሳያ ሥርዓት የገባችሁ ከሆነ፣ አልት፣ ሺፍት እና ኤፍ 12 ያጠፋዋል፤ ደግማችሁ ስትጫኑ ይመለሳል። ኤክስኤፍሲኢ ላይ የዊንዶው ማኔጀር ትዊክስ ውስጥ ኮምፖዚተር በሚለው ገጽ የመጀመሪያውን ምልክት አንሱ። ማቴ ላይ ማቴ ትዊክ ውስጥ ኮምፖዚት የማያደርገውን ማርኮ ምረጡ። ግኖም ላይ ማጥፊያ የለም፤ እዚያ የመጀመሪያው ሙከራ ይበቃል።

ኢፌክቱን የሚያወጣው ፕሮግራም ኮምፖዚተር ይባላል፤ ምን እንደሚሠራ ሳያውቁ ቀጣዮቹን መፍትሄዎች መሞከር በደመነፍስ መነካካት ይሆናል። ኢፌክት ያለበት ዴስክቶፕ ላይ እያንዳንዱ መስኮት በቀጥታ ስክሪኑ ላይ አይሥልም። በየራሱ የተደበቀ ሰሌዳ ላይ ይሥልና፣ ኮምፖዚተሩ እነዚያን ሰሌዳዎች ሰብስቦ፣ ጥላና ግልጽነት ጨምሮ፣ አንድ ሥዕል አድርጎ ያወጣል። አንድ መስኮት ስክሪኑን በሙሉ ሲይዝ ግን የሚደራረብ ነገር ስለማይኖር መሃል ገብቶ መሥራቱ ትርፍ ድካም ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ኮምፖዚተሮች ዞር ብለው ስክሪኑን ለፉል ስክሪኑ መስኮት በቀጥታ ያስረክባሉ። ከታች ከምታገኟቸው ችግሮች አንዳንዶቹ የሚፈጠሩት በዚህ ርክክብ ላይ ነው።

«ከታች ተቆርጦብኛል፣ የራሴ አሞሌ ላዩ ላይ ተቀምጧል»

የጋሼ ችግር ይሄ ነበር። የሰርቨሩ ታስክባር ከላፕቶፑ አሞሌ ሥር ገብቶ፣ የፒችትሪው የመጨረሻ መስመር አብሮ ተሸፍኗል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው አርዴስክቶፕን የመሰሉ የቆዩ ፕሮግራሞች ጋር የሚመጣ ነው። እነዚህ ፉል ስክሪን ሲሆኑ መስኮቶችን ለሚያስተዳድረው ዊንዶው ማኔጀር «ፉል ስክሪን አድርገኝ» ብለው አይጠይቁም፤ እሱን አልፈው ስክሪኑን የሚያክል መስኮት ራሳቸው ይዘረጋሉ። ዊንዶው ማኔጀሩ ፉል ስክሪን መሆኑን ስላላወቀ አሞሌውን ከላይ እንዳለ ይተወዋል። ኮምፒዝ የሚባለውን ኮምፖዚተር ለምትጠቀሙ መፍትሄው በማስተካከያው ውስጥ ወርክአራውንድስ የሚለውን ከፍቶ «ሌጋሲ ፉልስክሪን ሰፖርት» ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ያኔ ስክሪኑን የሚያክል መስኮት ሲያይ እንደ ፉል ስክሪን ይቆጥረዋል። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ ወደ ሬሚና ወይም ፍሪአርዲፒ መዛወሩን እመርጣለሁ፤ በደንቡ ጠይቀው ነው ፉል ስክሪን የሚሆኑት።

ሁለተኛው ምክንያት ቀለል ያለ ነው፦ የስክሪን መጠን አለመግጠም። ላፕቶፑ 1366 በ 768 ሆኖ ሳለ ግንኙነቱ 1280 በ 1024 ተብሎ ተቀምጦ ከሆነ 256 ነጥብ (ፒክስል) ከታች ይተርፋል፤ የተረፈው ደግሞ አይታይም። ሬሚና ላይ የግንኙነቱን ማስተካከያ ከፍታችሁ ሪዞሉሽን በሚለው ሥር «ዩዝ ክላየንት ሪዞሉሽን» የሚለውን ምረጡና ወጥታችሁ ግቡ። መጠኑ የሚወሰነው ግንኙነቱ ሲጀመር ስለሆነ፣ ሳትወጡ ብትቀይሩት ለውጥ አታዩም።

ጋሼ ጋ ሁለቱም ነበሩ። ፕሮግራሙን ቀይሬ፣ መጠኑን አስተካክዬ ስከፍትላቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው የድምሩን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ዳር አነበቡት። «ሁለት ቀን ሙሉ በግምት ነው እኮ ስሠራ የነበረው» ሲሉኝ አንጀቴን በሉኝ። በጭፍን የተሠራ ሂሳብ እንዴት እንደሚያሳስብ፣ ሰኔ ላይ ሂሳብ የዘጋ ሰው ያውቀዋል።

«ጥቁር ሆነ» ወይም «ማውስ ካልነካሁ ሥዕሉ አይታደስም»

ፉል ስክሪን ስታደርጉት ጥቁር ይሆናል፤ ወይም ሥዕሉ ቆሞ ማውስ ሲንቀሳቀስ ብቻ ዘሎ ይታደሳል፤ ወይም ወደ መስኮት ስትመለሱ የቀድሞው ሥዕል ስክሪኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በመስኮት ሲሆን ግን ሁሉም ደህና ነው።

ይህ ያ ርክክብ ነው። ኮምፖዚተሩ ለቅቋል፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ ግን ስክሪኑን ለአዲሱ ባለቤት በወጉ አላስረከበም። መፍትሄው ርክክቡን ማስቀረት ነው። ኮምፒዝ ላይ ኮምፖዚት በሚለው ሥር «አንሪዳይሬክት ፉልስክሪን ዊንዶውስ» የሚለውን አጥፉ። ሲናመን የሚባለው ዴስክቶፕ ላይ በሲስተም ሴቲንግስ ጀነራል ውስጥ ለፉል ስክሪን መስኮቶች ኮምፖዚቲንግን የሚያቆመውን ምርጫ አጥፉ። ኤክስኤፍሲኢ ላይም እዚያው ኮምፖዚተር ገጽ ውስጥ ፉል ስክሪን መስኮትን በቀጥታ አሳይ የሚለው አለ፤ ምልክቱን አንሱለት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ይኸው ምርጫ ለሌላ ችግር መድኃኒት ሆኖ ይመከራል። ሥዕሉ ሳይጠቁር ፉል ስክሪን ላይ ብቻ ከዘገየ፣ በተለይ አቅሙ ደካማ በሆነ ግራፊክስ ላይ፣ ርክክቡን ማብራት ነው የሚያቀለው። ስለዚህ «አብራው» የሚል ምክር ስታነቡ መጀመሪያ የእናንተ ምልክት የትኛው እንደሆነ ለዩ። የሚጠቁር ከሆነ አጥፉ፤ የሚዘገይ ከሆነ አብሩ።

«ይንቀረፈፋል»

በመስኮትም በፉል ስክሪንም እኩል የሚንቀረፈፍ ከሆነ አሁን መስመሩን መጠርጠር ትችላላችሁ፤ ግን መጀመሪያ በመስመሩ ላይ የጫናችሁትን ሸክም እዩ። 1366 በ 768 ስክሪን ላይ 1,049,088 ነጥብ አለ። በ 32 ቢት ቀለም አንድ ነጥብ 4 ባይት ስለሚወስድ አንድ ሙሉ ሥዕል ሳይታመቅ 4.2 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። 4 ሜጋቢት የሚባል መስመር ደግሞ በሰከንድ የሚያሳልፈው ግማሽ ሜጋባይት ነው። ሪሞት ዴስክቶፑ ሥዕሉን ያምቃል፣ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል፤ ስለዚህም ነው ጽሑፍና ቁጥር በቀጭን መስመር እንኳ የሚሠራው። ሰርቨሩ በኩል ሜኑ ቀስ ብሎ ብቅ ሲል፣ መስኮት ከነይዘቱ ሲጎተት፣ ፎቶ ያለበት የጀርባ ሥዕል ሲገለጥ ግን እያንዳንዷ እርምጃ አዲስ ሥዕል ሆና በመስመሩ ትመጣለች።

እነዚህን ከዚህ ሆናችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ። ሬሚና ላይ ኳሊቲ የሚለውን ዝቅተኛው ላይ አድርጉት፤ የቀለሙን ጥልቀት 16 ቢት ማድረግ ብቻውን ያልታመቀውን ሸክም በግማሽ ይቀንሰዋል። የዊንዶውሱ ፕሮግራም ላይ ኤክስፒሪየንስ በሚለው ገጽ የጀርባ ሥዕሉን፣ አኒሜሽኑን እና መስኮት ሲጎተት ይዘቱን ማሳየቱን አንሱ። ፎንት ስሙዚንግን ግን አትንኩት። ከጠዋት እስከ ማታ ቁጥር ለሚያነብ ዓይን የፊደሉ ጥራት ቅንጦት አይደለም። አንዴ የመጣን ሥዕል አስቀምጦ ደግሞ የሚጠቀምበት ቢትማፕ ካሺንግ የሚለውም ሁልጊዜ በርቶ ይቆይ።

«አልት እና ታብ ስጫን የራሴ መስኮቶች ይመጣሉ»

ኮምፖዚተሩ ለራሱ ማሳያ የያዛቸውን ቁልፎች ለማንም አያካፍልም፤ ቀድሞ ጠልፎ ይወስዳቸዋል። ሬሚና ላይ ከመሣሪያ አሞሌው «ግራብ ኦል ኪቦርድ ኢቨንትስ» የሚለውን ስታበሩ ቁልፉ ሁሉ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ዊንዶውስ ላይ ሎካል ሪሶርስስ በሚለው ገጽ የቁልፍ ጥምረቶች በፉል ስክሪን ጊዜ ወደ ሪሞቱ እንዲሄዱ ምረጡ። ኮንትሮል፣ አልት፣ ዴሊት ግን ያኔም ወደ ራሳችሁ ኮምፒውተር ነው የሚሄደው፤ በዊንዶውሱ ፕሮግራም ለሰርቨሩ የምትልኩት ኮንትሮል፣ አልት እና ኤንድ በመጫን ነው።

ማውሱ ጥግ ሲነካ መስኮቶቹ ሁሉ ከተዘረጉ ደግሞ የጥግ ኢፌክት ተመድቦለት ነው። የሰርቨሩ ስታርት ያለው ጥግ ላይ ስለሆነ በቀን ሃምሳ ጊዜ ያናድዳል፤ ከስክሪን ጥግ ማስተካከያው አንሱት።

«አማርኛ አልጽፍ አለኝ»

ይህ ኢፌክቱን አይመለከትም፤ ነገር ግን ፉል ስክሪን ላይ የሚሠራ ሰው የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ስለሚረሳ ሁሌ ይጠየቃል። ሪሞት ዴስክቶፕ በተለምዶ የሚልከው የተጫነውን ቁልፍ እንጂ የተጻፈውን ፊደል አይደለም። ላፕቶፓችሁ ላይ «ሰ»ን የሚያወጣው ፕሮግራም ቢበራም ሰርቨሩ የሚደርሰው የቁልፉ ቁጥር ብቻ ነው። የአማርኛ መጻፊያው ሰርቨሩ ላይ መጫን አለበት፤ የእናንተውን ደግሞ እንግሊዝኛ ላይ ተዉት፣ አለዚያ ሁለቱ ይጋጫሉ።

«ስክሪኑ በሙሉ ገርጥቶ ቆመ»

መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ የሚመጣ ነው። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጥሏል፤ ራውተሩ ግን ጠፍቶ እንደገና እየተነሳ ነው። ፕሮግራሙ መልስ እየጠበቀ ሲቆም፣ ኮምፖዚተሩ የማይመልስለትን መስኮት ያደበዝዘዋል። መስኮቱ ስክሪኑን ሞልቶት ስለሆነ ኮምፒውተሩ በሙሉ የሞተ ይመስላል፤ ሰውም ደንግጦ ማጥፊያውን ይጫናል።

አትጫኑት። አስተዳዳሪው የጊዜ ገደብ ካላበጀበት በቀር፣ የከፈታችሁት ሥራ ሰርቨሩ ላይ እንደተከፈተ ይቆያል። ከፉል ስክሪን ውጡ፣ ግንኙነቱን ዝጉ፣ ኢንተርኔቱ ሲመለስ በዚያው ስም ግቡ፤ የጀመራችሁት መስመር ላይ ታገኙታላችሁ። ሰርቨሩ የተቀመጠበት ክፍል መብራቱ ከጠፋ ግን ይህ አይሠራም፤ ያኔ ያልተቀመጠው ሥራ ይጠፋል።

ዘላቂው መፍትሄ ራውተሩን መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ መሰካት ነው። ራውተር የሚበላው ኃይል ጥቂት ስለሆነ፣ ለዴስክቶፕ ደቂቃዎች ብቻ የሚቆይ ዩፒኤስ ራውተርን ብቻውን ለረጅም ጊዜ ይይዘዋል። ጋሼ ቢሮ ዩፒኤስ ነበራቸው፤ የተሰካበት ግን ፕሪንተሩ ነበር። ፕሪንተሩን ነቅለን ወደ ግድግዳው፣ ራውተሩን ወደ ዩፒኤሱ አዛወርነው።