አዲስ የዲዛይን መሣሪያ ሲገኝ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በኢንተርኔት አዲስ የዲዛይን መሣሪያ ያገኘ ሰው ከሚፈጽማቸው ስህተቶች ሁሉ ዋጋው የሚከብደው፣ በማሳያ ሥራዎቹ ውበት ብቻ ተማርኮ ሥራውን በሙሉ ለመሣሪያው አምኖ መስጠት ነው። ማሳያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ፊደል የተሠሩ ስለሆኑ፣ መሣሪያው የእኛን ፊደል ሲቀበል ምን እንደሚያደርግ አይናገሩም። ለአክስቴ ልጅ የሠርግ ጥሪ ካርድ በብሮውዘር ብቻ በሚሠራ አንድ መሣሪያ አዘጋጅቼ ነበር። በስክሪን ላይ አምሮ የታየው ካርድ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ፣ የሙሽሮቹ ስም በነበረበት ቦታ የባዶ ሣጥኖች ረድፍ ብቻ ቀረ። የመረጥኩት ፎንት የግዕዝ ፊደላት አልነበሩትም፤ ብሮውዘሩ ጉድለቱን ከኮምፒውተሬ በተዋሰው ሌላ ፎንት ሸፍኖልኝ ኖሯል፤ ፒዲኤፉን ያዘጋጀው ሰርቨር (የመሣሪያው ድርጅት የራሱ ኮምፒውተር) ግን የሚዋሰው ፎንት አልነበረውም።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከመሞከርዎ በፊት «ቋንቋ፣ ፏፏቴ፣ ጧፍ፤ ፲፪።» ብለው አንድ መስመር ይጻፉና ፋይሉን አውርደው በሌላ ሰው ስልክ ይክፈቱት። ዲቃላ ፊደላቱ፣ ሥርዓተ ነጥቦቹና የግዕዝ ቁጥሮቹ ሳይጎድሉ ከታዩ መሣሪያው ሊታመን ይችላል። የራስዎን ፎንት እንዲጭኑበት የሚፈቅድ መሣሪያ ከሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለዚህ ይበቃሉ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው እያንዳንዱ ሆሄ የመስመሩን ቁመት ይሞላል፤ ለላቲን የተመጠነው የመስመር ርቀትም ጽሑፉን ያጨናንቀዋልና ጥቂት ማስፋት ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር የሚቀራረበው ስህተት ጥሩውን መሣሪያ ያለ ጥፋቱ መጣል ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ሆሄያቱን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚያ ፎንቶች የተተየበ የቆየ ሰነድ ካንቫና ፊግማን ወደመሳሰሉ የኦንላይን ዲዛይን መሣሪያዎች ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ጽሑፉን አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ችግሩን ይፈታዋል።

«ነፃ» የሚለውን ቃል እንደወረደ ማመንም ብዙዎችን ያስቸግራል። ሠሪዎች ሥራቸውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት የሚለቁበት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ «ኤንሲ» (NC) የሚል ምልክት ካለበት ሥራውን ለንግድ መጠቀም አይፈቀድም። ከላይ የጠቀስኳቸው ፎንቶች የሚሰራጩበት ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በአንጻሩ በንግድ ሥራ ላይ መጠቀምን ይፈቅዳል፤ የሚከለክለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው። የደንበኛን ፎቶ ወደማይታወቅ ሰርቨር መጫንም ሊታሰብበት ይገባል፤ ፎቶፒ የተባለው የፎቶ ማረሚያ ብሮውዘር ውስጥ ቢሠራም ፋይሉን የሚያስተናግደው በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ፣ ለእንዲህ ያለው ሥራ እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ሥራን በመሣሪያው ውስጥ ብቻ አስቀምጦ መተው ሌላው ስህተት ነው። ለዓመታት የድረ ገጽ አኒሜሽንና ጨዋታ ሲሠራበት የኖረው ፍላሽ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድጋፉ ተቋርጧል፤ ብዙ ዲዛይነሮች ይሠሩበት የነበረው ኢንቪዥን የተባለው የኦንላይን ዲዛይን መሣሪያም በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አገልግሎቱን አቁሟል። አንድ ሥራ ሲያልቅ በኤስቪጂ (ቢያጎሉት በማይደበዝዝ የሥዕል ፋይል ዓይነት) እና በፒዲኤፍ አውርዶ በራስ ዲስክ ላይ ማኖር የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ኤስቪጂውን እንደ ኢንክስኬፕ ያለ ነፃ ፕሮግራም ስለሚከፍተው፣ ድርጅቱ ቢዘጋም ሥራው በእጅዎ ይቀራል።

ድንቅ ፕሮጀክት አይቶ፣ አድንቆና ሊንኩን አስቀምጦ ማለፍ ደግሞ ብዙ ትምህርት ያስቀራል። ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ በ2001 እ.ኤ.አ. የጀመሩት፣ በኮድ ሥዕል የሚሠራበት ፕሮሰሲንግ፣ ፒ5 ጄኤስ በሚባለው ተከታዩ በኩል ዛሬ በብሮውዘር ይሠራል፤ በኦንላይን አርታዒው የሚጋሩ ሥራዎች ኮዳቸው ከምስሉ ጎን ተከፍቶ ይታያል። የክቦቹን ብዛት የሚወስነውን ቁጥር ከ10 ወደ 200 ለውጠው የማጫወቻ ምልክቱን ሲጫኑ፣ የተበታተኑት ክቦች ተደራርበው እንደ ሰፌድ ጥለት ያለ ነገር ሊወጣቸው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሠሪው ምን አስቦ እንደነበር በዓይንዎ ያዩታል።

በመጨረሻም ለኅትመት የሚሆን ሥራ በስክሪን መጠን አይጀመርም። ኤ3 ፖስተር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3508 በ4961 ፒክስል ይፈልጋል፤ ደማቅ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞችም በወረቀት ላይ ስለሚደበዝዙ፣ ማተሚያ ቤቱን አንድ የናሙና ቅጂ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።