ጊት ላይ መርጅ ስታደርጉ መቶ ፋይል ባንዴ ኮንፍሊክት ካወጣባችሁ

ጊት የኮድ ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፣ መርጅ የሁለት ብራንች (ለየብቻ የተሰራባቸው የኮድ ቅጂዎች) ለውጥ ማዋሃድ ነው፣ ኮንፍሊክት ደግሞ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲጋጩ። መጀመሪያ ፋይል እንዳትከፍቱ። ጊት መርጅ አቦርት (git merge --abort) በሉና ወደነበራችሁበት ተመለሱ፣ ከመርጁ በፊት ሁሉን ኮሚት አድርጋችሁ (ጊት ላይ መዝግባችሁ) ከነበረ ምንም አይጠፋባችሁም። መቶ ፋይል ተጋጨ ማለት መቶ ችግር አለ ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ አንድ ምክንያት ነው መቶ ቦታ የሚታየው።

ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ተጋጭቶ ግን ሁለቱም ወገን ቁርጥ አንድ አይነት ከሆነስ? እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ ከ======= (ጊት ሁለቱን ወገን የሚለይበት መስመር) በላይና በታች ያለውን እያስተያየሁ ልዩነቱን ስፈልግ ዋልኩ፣ ለካ መስመር ማለቁን የሚያሳየው ስውር ምልክት ነው፣ አንዱ ዊንዶውስ ላይ ሲአር ኤልኤፍ (CRLF) አድርጎ ሴቭ አድርጎታል ሌላው ኤልኤፍ (LF) ብቻ፣ በአይን አይታይም። መርጁን ኢግኖር ስፔስ አት ኢኦኤል (-X ignore-space-at-eol) በሚለው ኦፕሽን ድገሙት፣ ከዛ ጊት አትሪቢውትስ (.gitattributes) ፋይል ውስጥ ኮከብ፣ ክፍት ቦታ፣ ቴክስት እኩል ይሆናል አውቶ (* text=auto) ብላችሁ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ ነገ ይመለሳል። ሜን (ዋናው ብራንች) ላይ ያለው ሰው ፎርማተር (የኮዱን አጻጻፍ የሚያስተካክል ፕሮግራም) አሩጦበት ከሆነ ደግሞ ያንኑ ፎርማተር በዛው ሴቲንግ እናንተም ብራንች ላይ አሩጡት፣ ኮሚት፣ ከዛ መርጅ፣ የሚቀረው እውነተኛው ግጭት ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የተጋጨው ሎክ ፋይል (የተጫኑ ፓኬጆችን ቨርዥን የሚይዝ ፋይል) ከሆነ በእጅ አትነካኩት፣ የአንዱን ወገን ውሰዱና ኢንስቶል ድገሙ፣ አለቀ።

"አወርስ ብዬ የራሴ ስራ ጠፋ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሪቤዝ ላይ ነበር ማለት ነው። አወርስ (--ours) የኛን ወገን ውሰድ፣ ዜርስ (--theirs) የነሱን ውሰድ ማለት ነው። ሪቤዝ ያንተን ኮሚቶች አንስቶ በሌላው ብራንች ላይ ስለሚደረድር አወርስ የሚለው እዛ የሌላው ሰው ነው፣ ያንተ ዜርስ ይሆናል። (ይሄን ስም ያወጣው ሰው ምን እያሰበ እንደነበር እንጃ።) መርጅ ላይም ቢሆን ቼክአውት አወርስ ሙሉ ፋይሉን ነው የሚወስደው፣ ያልተጋጨውንም የሌላውን ለውጥ ይጥለዋል፣ ስለዚህ ለሎክ ፋይል እንጂ ለኮድ አልመክርም።

ያንኑ ግጭት ደጋግማችሁ እየፈታችሁ ከተሰላቻችሁ ኮንፊግ ላይ ሪሪሪን (rerere) አብሩት፣ አንዴ የፈታችሁበትን መንገድ አስታውሶ በሚቀጥለው ራሱ ይሞላዋል፣ ግን የመጀመሪያው ከተሳሳተ ስህተቱንም ያስታውሳል።

ፋይሎቹን ጊት አድ (git add) ከማድረጋችሁ በፊት ጊት ዲፍ ቼክ (git diff --check) በሉ፣ የተረሳ የግጭት ምልክት <<<<<<< ካለ ከነመስመር ቁጥሩ ያወጣላችኋል።