የሜዳሊያው ቁጥር ከመቃብር መዝገቡ ጋር አልገጥም ሲል

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደቀ የብሪታንያ ወታደር የብር ሜዳሊያ ነው። ጠርዙ ላይ የተመታው ባለ አራት አኃዝ የወታደር መለያ ቁጥር በኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን መዝገብ ሲፈለግ አይገኝም። ስሙ አለ፤ ቁጥሩ ግን ባለ ስድስት አኃዝ ነው፣ የነበረበት ሻለቃ ጦርም ሌላ። ሁለት ሰው ይመስላል፤ አንድ ሰው ነው።

ምክንያቱ፦ በ1917 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የቴሪቶሪያል ጦር (የትርፍ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ጦር) እግረኞች ባለ ስድስት አኃዝ አዲስ ቁጥር ተሰጣቸው። ሜዳሊያው በአብዛኛው የሚይዘው ወታደሩ ባሕር ሲሻገር የነበረውን ቁጥርና ክፍል ነው፤ የመቃብር መዝገቡ ደግሞ ሲሞት የነበረውን።

ስለዚህ ቁጥሩን ከፍለጋው አውጥቼ በቤተሰብ ስም ብቻ ፈለግሁ። ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ደብሊው ኦ 372 በተባለው የጦር ሚኒስቴር መዝገብ ክፍል ውስጥ ያለው የሜዳሊያ ማውጫ ካርድ ሁለቱንም ቁጥሮች አንድ ላይ ይዟቸዋል። ካርዱ የሚጠቁመው የሜዳሊያ ተሸላሚዎች ስም ዝርዝር ደብሊው ኦ 329 ውስጥ ሲታይ የሻለቃ ጦሩም ነገር ግልጽ ይሆናል።

ጠርዙን በ10 እጥፍ ሌንስ፣ ብርሃን ከጎን አብርቶ ማንበብ ነው። በፍጹም አይወልወል፤ ፊደሉ ይበላል። ስፋቱ ከ36 ሚሊ ሜትር ካነሰ ጠርዙ ተሞርዶ ሌላ ስም ተመትቶበት ሊሆን ስለሚችል ይጠርጠር።

ለሟች ወታደር ቤተሰብ ይሰጥ የነበረውን 120 ሚሊ ሜትር የነሐስ መታሰቢያ ሰሌዳ ማጣራት ግን የበለጠ ያስቸግራል። ማዕረግም የወታደር መለያ ቁጥርም የለውም፣ ስም ብቻ ነው። ስሙ የተለመደ ከሆነና አብሮት ሜዳሊያ ወይም ደብዳቤ ከሌለ፣ ለየትኛውም ቤተሰብ «የእናንተ ነው» ብሎ መጻፍ አይገባም።